እናቷን አይተሽ ቡችላዋን ግዢ

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። ስልኬን ከማን እንዳገኘ አልነገረኝም።

«ነጭ፣ ፀጉራም፣ ሚጢጢ ወንድ ውሻ አለሽ አሉኝ። እኔ ጋ ሴቷ አለች፤ ሰሞኑን ወንድ ፈልጋለች። ላምጣትና ይገናኙ። ከቡችሎቹ አንዱን ትመርጫለሽ፤ ካልፈለግሽም በብር እንነጋገር» አለኝ። የጠራው ብር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስጎመጅ ነበር።

«ይቅርታ፣ አይሆንም» አልኩት።

«ምነው? አሞታል እንዴ?»

«ደህና ነው። ግን የኋላ ቀኝ ጉልበቱ ቦታውን እየለቀቀ ያነክሳል።»

ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። «እመቤት፣ ጉልበቱን ማን ያያል? ፎቶ ላይ አይወጣ!»

ልክ ነው፤ ፎቶ ላይ አይወጣም። እኔም ከዓመታት በፊት ፎቶ ብቻ አይቼ የመጀመሪያዋን ውሻዬን ስገዛ፣ ከዚያም «ትውለድና እንሸጣለን» ስል፣ ፎቶ ላይ የማይወጣው ነገር ሁሉ በኋላ ሒሳቡን እንደሚያስከፍለኝ አላወቅሁም ነበር። ትናንሽ ውሾች በየከተማው እየበዙ ነው። ብዙ ቤተሰብም «አንድ ጊዜ ትውለድ» እያለ ነው። እንደኔ ከመክፈላችሁ በፊት የኔን ታሪክ ብትሰሙት አይከፋም።

ጤፊ ወደ ቤታችን ስትገባ

ተወልጄ ያደግሁት ጨፋ ሮቢት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የወረደ ሰው ያንን ለጥ ያለ ሜዳ ያውቀዋል። የቦርከና ወንዝ ከላይ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርዶ የሚተኛበት፣ በበጋ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ እርጥብ ሣር የማይጠፋበት ሜዳ ነው። በዚያ ወቅት የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአማራውም ከብት እዚያ ይሰበሰባል።

በእኛ አገር ውሻ ሥራ አለው። ሌሊት በረት ይጠብቃል፣ ጅብ ሲመጣ ያባርራል፣ ማሽላ ሲደርስ ጦጣና ከርከሮ ይከለክላል። ቤት ግን አይገባም። ሙስሊም ቤት ነው። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱም በአፈር ነው። ይህ ማለት ግን ውሻ ይጠላል ማለት አይደለም። ሸኻችን ሕፃን ሆነን ያስተማሩን ለከብት፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ እንደሚፈቀድ ነው። ዋሻ ውስጥ የተኙትን ደጋግ ወጣቶች አብሮ የጠበቀውን ውሻ ታሪክ፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ በማጠጣቱ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ የሰማነው ከእሳቸው ነው።

አዲስ አበባ ገብቼ ትዳር ይዤ፣ ልጄ ስድስት ዓመት ሲሆናት «ትንሽ ውሻ ግዙልኝ» የሚል ለቅሶ ጀመረች። ባለቤቴ «ሳሎን እንዳትገባ እንጂ ግድ የለኝም» አለ። በረንዳው ላይ ቤት ተሠራላት፣ ሰሐኗ ተለየ፣ መስገጃችን ያለበት ክፍል በር እንዲዘጋ ተስማማን። ከዚያም ፎቶ አይተን፣ ተደዋውለን፣ አንዲት የሁለት ወር ነጭ ቡችላ ገዛን። ሻጩ «ኦሪጅናል ማልቲዝ ናት» አለን። የዘር ሐረግ ወረቀት አልነበራትም፤ እናትና አባቷንም አላየንም። ልጄ ከትንሽነቷ የተነሳ «ጤፊ» አለቻት።

ትንሽ ውሻ ለአገራችን ብርቅ አይደለም። ዐፄ ኃይለሥላሴ ሉሉ የምትባል ቺዋዋ ነበረቻቸው። በቤተ መንግሥት አብራቸው ትውል ነበር፤ ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪም ስለ ንጉሡ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሉሉን አንስቷታል። ያኔ እንዲህ ዓይነቱ ውሻ የቤተ መንግሥትና የፈረንጅ ቤት ነበር። ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ አለ። የተለወጠው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ቁጥሩ በዛ፣ ገበያው ደራ፣ ማዳቀሉንም ማንም ይሠራው ጀመር።

«ቁርጥ እሷን»

ጤፊ ስምንት ወር ሲሆናት የመጀመሪያ ደሟን አየች። ጎረቤቴ ቡና እየጠጣን «ዕድሉ ሳያልፍሽ! አንድ ቡችላ ስንት እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። በአእምሮዬ አራት ቡችላ በስንት ብር ብዬ አባዛሁ። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው የታየኝ። ለሻጩ ደወልኩለት፤ «ወንድ አለኝ፤ ቁርጥ እሷን ነው የሚመስለው» አለኝ።

ቁርጥ እሷን የመሰለው ለካ ወንድሟ ስለሆነ ነው። ከአንድ እናት በስድስት ወር ልዩነት የተወለዱ መሆናቸውን የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ጤፊ አረገዘች። «ካልሲየም ያስፈልጋታል» ሲሉኝ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝቼ በየቀኑ ሰጠኋት። ልክ በ62ኛው ቀን፣ አመሻሽ ላይ ማማጥ ጀመረች። «ውሻ ራሷ ትወልዳለች፤ አትንኪያት» የሚል ምክር ብቻ ነበረኝ። አልነካኋትም። አራት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ምንም የለም። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ጎኗን ታያለች፣ እኔን ታያለች፤ መጨረሻ ላይ ማማጡንም ተወችው። ሲነጋ በፎጣ ጠቅልዬ ክሊኒክ ሄድኩ።

በኦፕራሲዮን ሦስት ቡችሎች ወጡ። አንደኛው ጭንቅላቱ ከእናቱ ዳሌ አጥንት በላይ ስለነበር መንገድ ላይ ተይዞ ሞቷል። ሁለተኛዋ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ አረፈች። ሦስተኛው ተረፈ። ጤፊም ተረፈች። በሦስተኛው ሳምንት ግን እያጠባች ሳለ መንቀጥቀጥ ጀመራት፤ እግሮቿ እንደ እንጨት ደረቁ። ተመልሰን ሮጥን። ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ወርዶ ነበር። ሐኪሟ በደም ሥር ሰጥታ አዳነቻት። ከዚያም በእርግዝና ጊዜ ካልሲየም በዘፈቀደ መስጠት ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም አውጥቶ መጠቀምን እንዲያቆም ስለሚያደርገው፣ ወተት ሲፈስ ጉዳቱን እንደሚያብሰው ነገረችኝ። መድኃኒት መስሎኝ የሰጠሁት ነገር ነው የጎዳት።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቀች፣ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ስንት ዓመቷ ነው? አባትየው የማን ልጅ ነው? እናቷ ስትወልድ እንዴት ነበረች?»

የመጀመሪያውን ስመልስ አፈርኩ። ሁለቱን አላውቃቸውም ነበር።

አጎቴ ምን አሉ?

በዚያ ዓመት ለአረፋ ጨፋ ሮቢት ወረድን። የእናቴ ታላቅ ወንድም ዕድሜያቸውን በከብት ያሳለፉ ሰው ናቸው። «ውሻሽ ወለደች አሉ። ስንት ክርስትና ልጅ አገኘሽ ብለው ጎረቤቶችሽ አልሳቁብሽም?» ብለው ቀለዱብኝ። ከዚያ የሆነውን ስነግራቸው ዝም አሉ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ። «ግን እናቷን አላየሽም?»

«አላየሁም፣ አባባ።»

«ታዲያ ምኗን አይተሽ መረጥሽ?»

«ፀጉሯን።»

«ፀጉር ያርሳል? ፀጉር ይወልዳል?»

ከዚያ ተነስተው ወደ በረቱ ወሰዱኝ። ስለ ውሻ አንድም ነገር አላወሩም። ስለ ኮርማቸው ነው የነገሩኝ። ባቲ ሰኞ ገበያ ብዙ የሚያምር ወይፈን ይወጣል። ለእርድ ወይም ለማረሻ ከሆነ ከዚያ ይገዛሉ። ለዘር ግን ገበያ ላይ ያገኙትን ኮርማ በረታቸው አያስገቡም፤ እናቱን የሚያውቋትን ነው የሚፈልጉት። እናቱ በቀላሉ የምትወልድ፣ ጥጃዋን የማትገፋ፣ በድርቅ ጊዜ ቶሎ የማትወድቅ፣ ስትታለብ የማትራገጥ መሆን አለባት። የምትወልደው በሰው እርዳታ ብቻ የሆነች ላም ብታምርም ልጇ ለዘር አይቀርም። ጊደር ሰውነቷ ሳይሞላ ኮርማ አይደርስባትም። ኮርማው ደግሞ የራሱ ሴት ልጆች ከመድረሳቸው በፊት ከሌላ ሰው ኮርማ ጋር ይለወጣል ወይም ይሸጣል። «አባት በልጁ ላይ ከወጣ በረቱ ይደክማል» አሉኝ። የዘረመል ሳይንስ የተማሩ ሰው አይደሉም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት።

«ከነዚህ ወይፈኖች ስንቱ ኮርማ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አንዱ። ሌላው ይኮላሻል፤ በሬ ይሆናል፣ ያርሳል፣ ይደልባል፣ ይሸጣል። መጥፎ ስለሆነ አይደለም እኮ ልጄ። ዘር የሚተክል ጥቂት ነው።»

በሩ ላይ ነብሮ የሚባለው የበረት ውሻቸው ተጋድሟል። እሱንም እንዴት እንዳገኙት ነገሩኝ። አንዳንድ ሰው ቡችላ ሲመርጥ አንገቱን ይዞ ያንጠለጥለውና ካልጮኸ ጀግና ነው ይላል። እሳቸው ግን ቡችሎቹን ከማየታቸው በፊት እናትየዋን ሁለት ሌሊት አይተዋታል። ጅብ ሲመጣ ወደፊት ትሄዳለች፤ የሰፈሩ ሕፃናት ጭራዋን ሲጎትቱ ዝም ትላለች። ከዚያች እናት የትኛውንም ቢወስዱ ግድ አልነበራቸውም።

«እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የሚለውን ተረት ስሰማ ነው ያደግሁት። ለቡችላም እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ሁለት ቡችላ መቅበር ነበረብኝ።

ውድድሩና ሐኪሙ ሲጣሉ

አዲስ አበባ ተመልሼ ነገሩን ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። ፈረንጆቹም ይህንን ትምህርት ያገኙት በኪሳራ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

የእንግሊዙ የውሻ ክበብ፣ ኬነል ክለብ፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ክራፍትስ የሚባለው ትልቁ የውሻ ውድድር ደግሞ በ1891 ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ዝርያ «መለኪያ» የሚባል ጽሑፍ አለ፤ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ ፀጉሩ፣ ጆሮው፣ አረማመዱ ሁሉ ይጻፋል። ለምሳሌ ቺዋዋ ከ3 ኪሎ እንዲበልጥ አይፈለግም። ዳኛው ያንን መለኪያ ይዞ ያወዳድራል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን አሸናፊው ወንድ ውሻ በየቦታው ለዘር ይፈለጋል፤ መልክ እንዳይጠፋ ተብሎ አባት ከልጅ፣ እህት ከወንድም ይዳቀላል። ቆንጆውን ፀጉር የሚያጸናው ዝምድና የተደበቀውን በሽታም አብሮ ያጸናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ቢቢሲ የዘር ውሾችን ችግር የሚያጋልጥ ዘጋቢ ፊልም ሲያሳይ አገሩ ተንጫጫ። በተከታዩ ዓመት ኬነል ክለብ ከአባትና ልጅ፣ ከእናትና ልጅ፣ ከሙሉ እህትና ወንድም የተወለዱ ቡችሎችን መመዝገብ አቆመ። እኔ በጤፊ ላይ ያደረግሁት ነገር ማለት ነው። ከአንዲት ሴት ውሻ ከአራት ወሊድ በላይ አይመዘግብም፤ ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደችም ከዚያ በኋላ እንዲቀር ያደርጋል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል ታሪክ ነው። ዓይኑ ትልልቅ፣ ጠባዩ እንደ ማር የሆነ ውሻ ነው። ነገር ግን ዕድሜው ሲገፋ የልብ ቫልቩ እየላላ ደም ወደኋላ ይመልሳል፤ የራስ ቅሉ ለአንጎሉ ስለሚጠበው አንዳንዱ በማያቋርጥ ሕመም ይኖራል። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ካቫሊየርን እርስ በርሱ ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን የሚጥስ ነው ሲል ወሰነ። ሆላንድ ደግሞ አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ውሾችን በተመለከተ መለኪያ አወጣች። የአፍንጫው ርዝመት ከራስ ቅሉ ርዝመት ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ካልሆነ ለእርባታ አይፈቀድም። ፐግ እንቅልፉ ላይ ሲያንኮራፋ እንስቃለን፤ እሱ ግን አየር እያጠረው ነው።

ይህን ሳነብ ትንሽ መሆን ራሱ በሽታ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች የትናንሽ ውሾችን ቁመት የሚወስን አንድ የዘረመል ልዩነት አገኙ። በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ ያው ልዩነት ከ50 ሺህ ዓመት በፊት ሳይቤሪያ ውስጥ በኖረ ተኩላ ላይ እንደነበረ አሳየ። ትንሽነት የቆየ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። ችግሩ ያለው ከትንሽ ላይ የባሰ ትንሽ፣ ከአጭር አፍንጫ ላይ የባሰ አጭር ስንመርጥ ነው።

ከማገናኘታችሁ በፊት

ሐኪሟን ብዙ አስቸግሬ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ዕድሜና ሰውነት። ትናንሽ ውሾች ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የመጀመሪያ ደማቸውን ያያሉ። ያኔ ልጅ ናቸው። ቢያንስ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይጠበቅ፤ ወደ ሁለት ዓመት ብትጠጋ ይመረጣል። ብዙው የዘር በሽታም እስከዚያ ራሱን ይገልጣል። ከዝርያዋም በጣም ያነሰችዋን፣ «በሻይ ስኒ ውስጥ የምትገባ» የምትባለዋን፣ ለወሊድ አትምረጡ። ለወሊድ የምትሆነው ከዝርያዋ ደህና ሰውነት ያላት ናት። ወንዱ ከእሷ እኩል ወይም ትንሽ ያነሰ ይሁን።

ሁለተኛው ጉልበት ነው። በትናንሽ ውሾች ላይ በጣም የተለመደው ችግር የጉልበት ሎሚ መንሸራተት ነው። ሲሮጥ ድንገት አንድ የኋላ እግሩን ያነሳል፣ ሁለት ሦስት እርምጃ በሦስት እግሩ ይዘላል፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ሰው «ሲጫወት ነው» ይላል። ሐኪም ግን በእጁ ዳብሶ ብቻ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ ይሰጠዋል። መሣሪያ አይፈልግም፤ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። ብዙውን ጊዜ በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ያለበት ውሻ የቤት ጓደኛ ይሁን እንጂ አባት አይሁን።

ሦስተኛው ልብና አፍንጫ። ልቡ በጆሮ ማዳመጫ ይደመጥ። ለካቫሊየር ያለው ምክር ልዩ ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት እንዳይዳቀል፣ ወላጆቹም አምስት ዓመት ሲሞላቸው ልባቸው ንጹሕ የነበረ እንዲሆን ይመከራል። አፍንጫው አጭር ከሆነ ደግሞ ጥቂት አስሮጡት፤ ትንፋሹን ለመመለስ የሚታገል ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

አራተኛው አፍና የዘር ፍሬ። በትናንሽ ውሾች የወተት ጥርስ ሳይወልቅ ቋሚው ሊበቅልበት ይችላል፤ መንጋጋውን ያበላሻል። ወንዱ ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ ወርደው መታየት አለባቸው። አንዱ ያልወረደለት ውሻ ቢወልድም ያንኑ ለልጆቹ ያወርሳል፤ በሆዱ የቀረውም ሲያድር ወደ ዕጢ ሊለወጥ ይችላል።

አምስተኛው ቀለም። ዥጉርጉር የሆነና ፈረንጆቹ «መርል» የሚሉት ቀለም አለ፤ ገበያ ላይ ይወደዳል። ሁለት መርል ውሾች ከተዳቀሉ ግን ከቡችሎቹ ከፊሎቹ ደንቆሮ ወይም ዕውር ሆነው ሊወለዱ ይችላሉ። ሁለት ቆንጆ ሁልጊዜ ቆንጆ አይወልድም።

ስድስተኛው ጠባይ። ትንሽ ውሻ ሲነክስ እንስቃለን፤ ትልቅ ውሻ ቢሆን ኖሮ ከግቢ እናስወጣው ነበር። ፍርሃትና ቁጡነት በከፊል ይወረሳል። እንግዳ ሲመጣ እናትየዋ ከወንበር ሥር ገብታ የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ቡችሎቹም ከእሷ ይማራሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ምርጫ አይደለም፤ የሁለቱም ወላጆች የክትባት ካርድ ሳይታይ ነገር መጀመር የለበትም።

ሰባተኛው ዝምድና ነው። ቢያንስ የሦስት ትውልድ ስም ጻፉ፤ ወረቀት ባይኖር በደብተር። እኛ እኮ ሰው ስናጋባ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ነን።

ወሊዱ ሲደርስ ደግሞ ይህን ያዙ። እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው። ወደ መጨረሻው ሙቀቷን በየቀኑ ለኩ። ከተለመደው 38 ዲግሪ ገደማ ወደ 37 ሲወርድ፣ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራል። በኃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ምንም ካልወጣ፣ በሁለት ቡችሎች መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ወይም የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወጣ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፣ ሳይነጋ ሐኪም ጋ። እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ጠብቄያለሁ። አትጠብቁ።

«ስንቱን አሳደግሽ?»

ይህን ሁሉ ያሟላች ውሻ ብታገኙ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ቡችሎቹ ወዴት ይሄዳሉ? ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቱ የተለየ ቡችላ፣ በተለይ ትንሹ ዝርያ፣ አንድ ጊዜ ምግብ ካለፈው ስኳሩ ወርዶ ሊዝለፈለፍ ይችላል። ለምን ዓይነት ቤት እንደምትሰጡ እዩ። ገዢው ማሳደግ ቢያቅተው መልሳችሁ እንደምትቀበሉ ከልባችሁ ንገሩት። ያልተፈለገ ውሻ የሚጣለው መንገድ ላይ ነው። መንገድ ላይ ያለው ውሻ ምን እንደሚሆንና ምን በሽታ እንደሚይዝ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ ጤፊን አስመክኛታለሁ። ከዚያ ወዲህ የሚረግፍ እንጂ የሚሸጥ ነገር አልሰጠችኝም፤ ሶፋው ላይ ፀጉሯን እለቅማለሁ። አዎ፣ ሳሎን ገብታለች፤ ባለቤቴ ነው ያስገባት። የመስገጃው ክፍል በር ግን እስካሁን ይዘጋል።

የተረፈውን ወንድ ልጄ «ቦርከና» አለችው፤ የአገሯ የእናቷ ወንዝ ስም ነው። ሲያድግ ውብ ሆነ። ፀጉሩ እንደ ባዘቶ፣ ዓይኑ እንደ ጥቁር እንጆሪ። ዓመት ሳይሞላው በረንዳው ላይ ሲሮጥ የኋላ ቀኝ እግሩን አነሳና ሁለት እርምጃ ዘለለ። ሐኪሟ ጉልበቱን ዳበሰችና «ሦስተኛ ደረጃ» አለችኝ። ለሱ ማዘን ብቻ አይደለም የተሰማኝ፤ የሠራሁትን በእግሩ ይዞት ሲሄድ እያየሁ ነው የምኖረው።

ባለፈው ዓመት አጎቴ አዲስ አበባ ለሕክምና መጥተው ቤታችን ሰነበቱ። ቦርከናን በረንዳው ላይ ሲያዩት ቆዩና «ይሄማ ከነብሮ ጆሮ አይበልጥም!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሲያነክስ አዩት። «ይሄን ለዘር ጠይቀውሻል?» አሉኝ። «በየወሩ ይጠይቁኛል፣ አባባ» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ከምሳቸው ላይ አንድ ቁራጭ ሥጋ ነጥለው በሰሐኑ ላይ ጣሉለት። አጎቴ ለውሻ ሥጋ ሲሰጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በጨፋ ነብሮ የሚደርሰው አጥንት ነው።

ወደ ሰሞኑ ደዋይ ልመለስ። ስቆ ሲጨርስ እኔም በተራዬ ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁት። «ውሻህ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዓመት ሊሞላት ነው።»

«እናቷ ስትወልድ እንዴት ነበረች?»

ዝም አለ።

«አባቷስ የማን ልጅ ነው?»

«እሱን ሻጩን ልጠይቀው» አለና መልሼ እደውላለሁ ብሎ ዘጋው። ይህን ጽሑፍ እስከምጽፍ ድረስ አልደወለም። ከደወለ የቦርከናን አባትነት አልሸጥለትም፤ የሐኪሟን ስልክ ግን በነፃ እሰጠዋለሁ።